ለብ ያለ አጥሚት

ምች ከአገሩ ከጠፋ ወዲህ ትርንጎ የጓሮዋን ዳማከሴ ነቅላ ጎመን ተክላበታለች። ድሮ ፀሐይ በመታት ቁጥር ከንፈሯ ላይ የሚወጣው ቁስል መነሻው በፊቷ ነርቭ ውስጥ የተኛ ቫይረስ ነበር። የሚያስተኛው ደግሞ እንደ ዘበኛ የሚጠብቀው የነርቩ የራሱ ፕሮቲን ነው። አዋቂ ሁሉ የተወጋው አዲሱ መርፌ ያንን ዘበኛ አበረታው፤ ቫይረሱም ዳግመኛ አልነቃም።

ዛሬ ጠዋት ለልጇ ለኅሊና አጥሚት አሞቀች። እንደ እናቶች ልማድ የመጀመሪያውን ማንኪያ በራሷ ከንፈር ለካችው። ለብ ያለ ነው። ሕፃኗን አጎረሰቻት።

ኅሊና ትንፋሿ እስኪቋረጥ ጮኸች።

«ምን አደረግሻት?» የትርንጎ እናት ወይዘሮ ደብሪቱ ከጓዳ እየሮጡ መጡ።

«ምንም! ለክቼ ነው እኮ የሰጠኋት፣ እማዬ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ማንኪያውን ነጥቀው ከሳህኑ ጨለፉና ከንፈራቸውን አስነኩት።

«ይኼማ ቀዝቅዟል። ጆሮዋን አሟት እንዳይሆን» አሉ። ወዲያው የትርንጎን ፊት አይተው ደነገጡ። «ውይ በሞትኩት! አንቺን ደግሞ ምች መታሽ?»

ትርንጎ ከንፈሯን ዳሰሰች። አብጦ ውኃ ቋጥሯል። ጣቷ ስር ፈነዳ፤ ምንም አልተሰማትም።

ጣቷን አጥሚቱ ውስጥ ነከረችና እየጮኸች መልሳ አወጣችው። ይፋጃል!

ዘበኛው ያስተኛው ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ነርቩንም ነበር።

ቀና ስትል የእናቷም ከንፈር ውኃ እየቋጠረ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ፈገግ ብለው ሁለተኛውን ማንኪያ ወደ ሕፃኗ አፍ አስጠግተዋል።

«አይዞሽ የኔ እናት፣ እኔ ቀምሼዋለሁ።»