የተወለወለው ክዳን

ኦዲል የሰዓቱን የጀርባ ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ ስትከፍተው ከውስጥ ያየችው የገዛ አፍንጫዋን ነው። ክዳኑ መስታወት ሆኗል። አዘነበለችው፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ ዳር ዳሩን ፈለገች። ምንም የለም።

«አላወቅሽውም አይደል?» አለ አርማን፣ እጁን በነጭ ፎጣ እየጠረገ። «ያ ጥቁር ዕቃ ነው ብትያቸው ማን ያምንሻል።»

በስዊስ የላ ሾ ደ ፎን ከተማ የሰዓት ሰብሳቢዎች ማኅበር ትርኢቱን ሊከፍት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። የማኅበሩ አባል ሎሬት የነጩን ወይን ብርጭቆዎች ትደረድራለች። አርማን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አርባ ዓመት ሙሉ የሰዓት ቀፎ ወልዋይ ነበር። በዚህች ከተማ ወልዋይ ማለት ጭረት አይቶ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ማለት ነው። ኦዲል ሰዓቷን ያዋሰችው ለትርኢቱ ነበር፤ ቁልፉን ሲጫኑት ሰከንድ ቆጣሪው የሚነሳ፣ ሲደግሙት የሚቆም፣ ሲሠልሱት ወደ ቦታው የሚመለስ የድሮ የብር ክሮኖግራፍ።

«ውስጡን ምን አደረግከው?» አለች።

«ውስጡንም አልማርኩት» አለ አፉን ሞልቶ። «ሌላው ሰው ላዩን ወልውሎ ውስጡን ይተዋል። እኔ እንደዚያ አልሠራም። የሆነ ጠጋኝ በመርፌ ሞነጫጭሮት ነበር፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።»

የሞነጨረው አባቷ ነው። ሰዓት ጠጋኝ ሥራውን ሲጨርስ፣ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት፣ ምልክቱንና ቀኑን ከውስጥ በሹል መርፌ ይጭራል፤ ነገ ለሚከፍተው ጠጋኝ ብቻ የምትታይ ትንሽ ጽሑፍ። የአባቷ የኡሊስ ምልክት ሁለት ተራራና አንዲት ነጥብ ነበረች። ሌላው ሰው ሰዓት የሚሰበስበው በሠሪው ስም ነው፣ በዕድሜው ነው። ኦዲል ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን ነጥብ ስትለቅም ኖራለች። አሥራ ዘጠኝ አግኝታለች። ይኼኛው ከሁሉም የተለየ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ እጇን በእጁ ይዞ፣ ቀኑን እሷው እንድትጭር ፈቀደላት። ቀኑ አሥራ ሰባት ነበር፤ ሰባቷ ተንጋደደች። እሱ ሳቀ፣ አላረማትም፣ ክረምቱ ሳይወጣም ሞተ።

«እንዳለ አስቀምጠው ብዬህ ነበር» አለች።

«እንዳለ ማለት ከነእድፉ ማለት አልመሰለኝም።»

«የጠጋኝ ምልክት መሆኑን አላወቅክም?»

«አውቃለሁ እንጂ» አለ አርማን፤ ድምፁ ጠነከረ። «አርባ ዓመት አውቃቸዋለሁ። እኛ ጣታችን እስኪደማ እናጠራለን፣ እነሱ መጥተው ላዩ ላይ ይጭራሉ። ጭረት ነው፣ ኦዲል። የማንም ይሁን፣ ጭረት ጭረት ነው።»

«የአባቴ ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ የእኔ ነው።»

አርማን ፎጣውን ማጠፍ ጀመረ። አጥፎ ሲጨርስ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። ሊኩል ሄዶ ዓይን ያጠፋ ሰው እንኳ ይደነግጣል፤ ይኼ ሰው ግን አሁንም መላ ይፈልጋል።

«ፎቶ አለሽ?» አለ። «ጥሩ ቀራጭ አውቃለሁ። ቁርጥ እሱን አድርጎ ይቀርጽልሻል፣ ከነበረው ይበልጥ አሳምሮ።»

ኦዲል አጉሊ መነጽሯን ከዓይኗ ነቀለች። የሎሬት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ኳ አለ።

«ሙስዬ አርማን» አለች ኦዲል። ሠላሳ ዓመት አንተ ስትለው የኖረች ሴት ናት፤ አሁን አንቱ አለችው። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅ የሚቀርጽ ሰው ያውቃሉ? ሙት አስነስቶ እጄን የሚያስይዝልኝ ሰውስ ያውቃሉ?»

«ኦዲል፣ በሩ ላይ ሰው ቆሟል» አለች ሎሬት ቀስ ብላ።

«ይቁም።»

ከቦርሳዋ ሰዓት የምትከፍትበትን የመሣሪያ ጥቅልሏን አውጥታ ፈታችው። ሹሉን መርፌ መርጣ፣ የተከፈተውን ሰዓት ከጎኑ አድርጋ፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋችው።

«ይፈርሙ።»

«ምኑን?»

«ሰዓቱን ከፍተው ሠርተውበታል። ከፍቶ የሠራ ሰው ምልክቱንና ቀኑን ትቶ ይሄዳል። የሚቀጥለው ሰው ማን እንደነካው ማወቅ አለበት።»

«ወልዋይ አይፈርምም» አለ አርማን። «የእኛ ሥራ ምንም አለመታየቱ ነው። እኔ በዕድሜዬ ብር ላይ አንዲት ጭረት አሳርፌ አላውቅም።»

«አሳርፈዋል። ይፈርሙ።»

ወደ ሎሬት ዞሮ አየ። ሎሬት ብርጭቆዎቿን ታያለች። ከበሩ ውጪ ሰዎች በረዶውን ከጫማቸው ሲያራግፉ ይሰማል። አርማን መርፌውን አነሳ፤ ስንትና ስንት ቀፎ ያጠራ፣ ጭሮ ግን የማያውቅ እጅ ነው። ክዳኑ ላይ ጎንበስ ሲል ፊቱ ከብሩ ውስጥ ተመለከተው። ቆየ።

መርፌው ሲያርፍ ቀጭን ድምፅ አወጣ። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጫረ፣ ከሥሩ ቀኑን ጫረ። ቁጥሮቹ ቁልቁል ተንሸራተቱ። ሲጨርስ መርፌውን አስቀምጦ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዘነበለ፤ በዚያ ሁሉ ንጣት ላይ ጠማማው ጭረት ብቻውን ቆሟል።

ሎሬት በሩን ልትከፍት ሄደች። የአርማን አውራ ጣት፣ እሱ ሳያዘው፣ ጭረቱን አሽቶ ሊያጠፋ ተነሳ። ኦዲል እጁን አፈፍ አድርጋ ያዘችው፤ ሰዎቹ ገብተው ጠረጴዛውን እስኪከቡት ድረስም አልለቀቀችውም።