የእማዬ ቬንትሌተር

እናቷ በድሬዳዋ ሙቀት ብቻዋን ስትሰቃይ አንጀቷ አልችል ቢላት፣ ሶስና የጣሪያ ቬንትሌተር ልትገዛላት ይዛት ወጣች። እናቷ ትንንሾቹን ሁሉ አልፋ ትልቁ ላይ ሙጭጭ አለች።

«ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ነፋስ?» አለች ሶስና።

«ግድ የለሽም፣ ልጄ። እሱ ይሻላል።»

ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቷ ጋሽ ሽመልስ ኤሌክትሪሻን ናቸው። መሰላላቸውን ተሸክመው መጡና፣ እያፏጩ ከአልጋው በላይ ሰቀሉት። ሲያበሩት መጋረጃው ተርገበገበ፤ እናቷም እንደ ልጅ አጨበጨበች። ሶስና ግን ነፋሱ በዛባት።

«ጋሽ ሽመልስ፣ ትንሽ ይቀንሱት። እማዬ ማታ ማታ ብርድ አትችልም።»

ጋሽ ሽመልስ መሰላላቸውን እያጠፉ ወደ እናቷ ዞሩ።

«እኔ ሙቀት እንደማልችል አልነገርሻትም እንዴ?»

እናቷ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች።

«ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ሶሲዬ። ዛሬ ልነግርሽ ነበር።»