ሙሉ ደቂቃ

ለአሥራ ስድስት ሳምንታት፣ በየማክሰኞው ጠዋት፣ የክሊኒኩ ነርስ የጡረተኛውን የመንገድ ቀያሽ የግራ እጅ አንጓ ይዛ፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል ሙሉ ደቂቃ ትቆጥር ነበር። አንዴ የሚሮጥ፣ አንዴ የሚዘል ልብ በአቋራጭ አይቆጠርም ብላዋለች። በሳምንቱ ውስጥ እጁን የሚይዝ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ያቺ ደቂቃ ቶሎ እንዳታልቅበት ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ዛሬም ተራው ሲደርስ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ክኒኑን አላቋረጡም አይደል፣ አባባ?» አለችው። «አንድም ቀን! ጎረቤቴም ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሳ በየጠዋቱ ደጃፌ ላይ አስቀምጣልኝ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ሐኪሙ ክኒኔ ነው የሠራው ይላል፤ እሷ ደግሞ ሽንኩርቴ ነው ትላለች። እኔ መሀል ገብቼ እሸመግላለሁ።» ነርሷ እየሳቀች ሁለት ጣቶቿን አንጓው ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ ገና አሁን በመታጠባቸው ቀዝቅዘዋል። ምቱ አንድም ሳይዘል፣ እኩል እኩል ሲረግጥ ለራሱም ተሰማው።

ነርሷ እጁን ለቀቀች። እሱ ግን ክንዱን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳም። «ምነው ልጄ፣ ቁጥሩ ጠፋብሽ እንዴ?»

«ኧረ እንኳን ደስ አለዎት! ልብዎ ተስተካክሏል። እንዲህ ሲሆን ጥቂት ቆጥሮ በአራት ማባዛት ይበቃል። ከእንግዲህ በስድስት ወር አንዴ ብቅ ይበሉ።»

ካርዱ ላይ ሰባ ሁለት ብላ ጻፈች። እጁን የያዘችው ለአሥራ አምስት ሰከንድ ነበር።