የሦስተኛው ቀጠና ወንበር

ዌንደል ክላሰን በኔብራስካ ገጠር የአንዲት ትንሽ ከተማ የትምህርት ቦርድ ሊቀ መንበር ነበር። ደመወዝ የሌለው ሹመት ነው። እሱ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዙፋን ተኮፍሶበታል።

ቦርዱ አምስት ወንበር አለው፤ ለየቀጠናው አንድ። የሚወዳደር ሰው የቀጠናው ነዋሪ መሆን አለበት። የዌንደል ቀጠና ሦስተኛው ነው።

ባለፈው ዓመት ቦርዱ በከተማው ዳር ያለውን ትንሹን ትምህርት ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ዘጋው። ሦስተኛዋ እጅ የዌንደል ነበረች። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ ሉዌላ ሃቭሊክ ሥራዋን አጣች። ሃያ ሰባት ዓመት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል ያስቆጠረችው የዌንደል ሚስት አርዲስም እንደዚሁ።

«አርዲስ ደስ ብሏት ነው ያረፈችው፤» ይል ነበር ዌንደል ለጠየቀው ሁሉ። አርዲስም ፈገግ ትላለች።

ሉዌላ ግን የምታርፍ ሴት አልነበረችም። በስብሰባ መካከል ብድግ አለች።

«ዌንደል! በሚመጣው ምርጫ ያቺን ወንበር እወስድብሃለሁ። የልጆቹን ሾርባ የቀዳሁበትን ጭልፋ ይዤ ነው የምቀመጥባት፤ ስማኝ!»

የቀጠናዎቹን ካርታ የሚያሻሽለውን ኮሚቴ የሚመራው ራሱ ዌንደል ነበር። ማስመሪያና እርሳስ አንሥቶ የሦስተኛውን ቀጠና ድንበር ጥቂት ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ከእሱ ቤት በስተ ምሥራቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሉዌላ ቤት ሁለተኛው ቀጠና ውስጥ ወደቀ። መወዳደር ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤» አለችው ሉዌላ ፖስታ ቤት በር ላይ። «ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።»

«አንቺ ገብተሽበት የለም እንዴ?» አላት ዌንደል።

የመወዳደሪያ ማመልከቻ በሚገባበት ቀን ዌንደል ወደ ምርጫ ጸሐፊው ወደ ኦቲስ ብሬም ቢሮ ዓይኑ ቀልቶ ገባ።

«ምነው፣ ሳትተኛ አደርክ እንዴ?» አለው ኦቲስ።

«አርዲስ ናት። እንደ ትራክተር አንኮራፋህ ብላ ሌሊት ከአልጋ አስነሣችኝ።»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ኦቲስ ቅጹን አገላበጠ፤ ሁሉም ሥርዓቱን ጠብቆ ተሞልቷል።

«ጽሕፈትህ አማረልኝ።»

«የሷ ነው። እኔ ፈረምኩ እንጂ። ያንን ወፍራም የምርጫ መመሪያ ማን ያነባል? የመምህርት ሥራ ነው።»

ለወንበሩ የቀረበው ሌላ ዕጩ ዝምተኛው የከብት ሐኪም ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱ ይከፈት ባይ ነው፤ ግን ያሸንፋል ያለ ሰው አልነበረም። ዌንደል ከተመረጠ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሕንጻ በጥር ይሸጣል፤ ከገዢው ጋር ተስማምተው ጨርሰዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ሉዌላ ሜትር ይዛ የዌንደልን አጥር ስትዞር ታየች። የቀያሹን ካርታ በብብቷ ይዛ ከዛፍ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ዛፍ ትለካለች። ዌንደል ከሥራ ሲመለስ ደረሰባት።

«ከግቢዬ ውጪ!»

«ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ክቡር ሊቀ መንበር። ድንበርህ ቀጥ ያለች ናት። ቆንጆ አድርገህ ነው ያሰመርካት።»

ዌንደል እየተንጨረጨረ ገባ። መስኮቱ አጠገብ ሁለት የሎሚ ጭማቂ ብርጭቆዎች ተቀምጠዋል።

«ለዚያች እባብ ጭማቂ ትሰጫለሽ?»

«ፀሐይ ነበር፤ ጎረቤት ናት፤» አለች አርዲስ። ብርጭቆዎቹን አንሥታ አጠበቻቸው።

በማግስቱ የተቃውሞ ደብዳቤው መጣ፤ ዌንደል የሦስተኛው ቀጠና ነዋሪ አይደለም ይላል። እሱ በማስመሪያ ያሰመራት ድንበር የገዛ ቤቱን ከመካከል ቆርጣዋለች፤ ካርታው ላይ ቤቱ ነጥብ ነበረችና አላያትም። ዌንደል ሳቀ። የፊት በሩ፣ የፖስታ ሣጥኑ፣ ሳሎኑ ሁሉ በምዕራብ በኩል፣ ሦስተኛው ቀጠና ውስጥ ናቸው። ያንን ሁሉ ፎቶ አነሣ። ሉዌላን ከዚህ በኋላ በከተማው ፊት አዋርዳታለሁ ብሎ ዛተ፤ ለችሎቱ አዲስ ከረባት ገዛ።

ተቃውሞው የተሰማው በኦቲስ ቢሮ ነው። ሰው እስከ በሩ ሞልቷል። ዌንደል ከፊት ተቀመጠ፤ አርዲስ አጠገቡ። ሉዌላ ጭልፋዋን ይዛ መጥታለች።

ኦቲስ መነጽሩን አድርጎ መመሪያውን አነበበ። «ቤት በሁለት ቀጠና ላይ ካረፈ በርና የፖስታ ሣጥን አይታይም። ሰውየው ማመልከቻውን ሲያስገባ የሚተኛበት ክፍል የት ነው ተብሎ ይጠየቃል።»

ዌንደል ይህን አያውቅም ነበር። ግን ፊቱ በራ።

«እንኳን ይጠየቅ! መኝታ ቤቴ ምዕራብ ነው፤ የቤቱ ፕላን ይኸው።»

ኦቲስ ፕላኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው፤ ምዕራብ ነው።»

«ወደ ሾርባሽ ተመለሺ፣ ሉዌላ!» አለ ዌንደል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ሉዌላ አልተናደደችም። «ወረቀቱ ክፍሉን ያሳያል እንጂ የሚተኛበትን ሰው አያሳይም። አንድ ምስክር አለኝ።»

ዌንደል ማን ሊገባ ነው ብሎ ወደ በሩ ዞረ። የገባ ሰው የለም። አጠገቡ ያለው ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማ። አርዲስ ተነሥታ ቆማለች።

ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች።

«ባለቤትዎ የት ነው የሚተኙት?» አላት ኦቲስ።

«በምሥራቅ በኩል ያለው የእንግዳ ክፍል። ማመልከቻውን ካስገባበት ቀን ዋዜማ ጀምሮ።»

ዌንደል ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ለጊዜው እኮ ነው! እያንኮራፋሁ እንቅልፍ ስለነሣኋት ነው! ንገሪያቸው እንጂ፣ አርዲስ!»

ኦቲስ ገጹን ገለጠ። «በቂ ምክንያት ካለ፣ ለጊዜው የተቀየረ መኝታ አይቆጠርም። ምክንያቱ ማንኮራፋት ነው፣ ወይዘሮ አርዲስ?»

«እውነት ልናገር ምያለሁ፤» አለች አርዲስ፣ ፊደል በምታስቆጥርበት በዚያ ቀስ ያለ ድምፅ። «ዌንደል በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንኮራፍቶ አያውቅም።»