የሰዓዳ ጸጥታ

ሲስተር የትምወርቅ የመተንፈሻ መሣሪያውን ግፊት ልትቀንስ ማዞሪያውን ያዘች። በሳንባ ምች ስትንፈራገጥ ያደረችው የሁለት ዓመቷ ሰዓዳ አሁን ጸጥ ብላለች። የትምወርቅም በዘጠኝ ዓመት ልምዷ ተሻላት ብላ አመነች። ከመሣሪያው ጋር በተያያዘው ታብሌት ላይ የልጅቷን ትንፋሽ የሚከታተለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ሌላ ጽሑፍ አወጣ፤ «ልጅቷ እየደከመች ሊሆን ይችላል። ግፊቱን መጨመር ይታሰብበት።»

የትምወርቅ በሌላ እጇ የሰዓዳን ልብስ ገለጥ አደረገች። ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር ከጎድን አጥንቶቿ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ጸጥታዋ ድካም ነበር። ማዞሪያውን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አዞረችና ጎንበስ ብላ ትንፋሿን እየቆጠረች ጠበቀች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረቷ ረጋ፣ ከንፈሯም ቀላ።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሏት የሰዓዳ አያት ጋሽ ሙሐሲን።

«እኔማ ልቀንሰው ነበር፣ አባባ» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። «ያነቃኝ ይህ ነው።»

ሽማግሌው ታብሌቱን አዩ፤ እሷንም አዩ። ሳዑዲ ያለችው የሰዓዳ እናት ስትደውል ቀና ብለው ተቀመጡና ኮራ ባለ ድምፅ መለሱላት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጅሽ ደህና ናት። ከእንግዲህ አትስጊ። የያዘቻት ነርስ ልትሳሳት እንደነበር እንኳ የማትደብቅ ሰው ናት።»