ስሙን የወሰደው አውሮፕላን

በዚያ ጦርነት ለሙከራ የተሠራው ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ አልነበረውም። የሞተ ሰው ስም ይሰጡታል። ያ ስም ሲጠራ በየምሰሶው የተሰቀለው ድምፅ የሚለቅም የብረት ጆሮ ይሰማና አውሮፕላኑ ተነስቶ ጠላት ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ስሙን ቤተሰብ እንኳ አይጠራውም፤ ያሳስራል።

አፈ ጮሌው በያጅ ጥጋቡ ክንፉን ሲበይድ ከእሳቱ ይልቅ የሱ ሆድ ይነድ ነበር። ታላቅ ወንድሙን አስናቀን ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ሳለ ነው ጠላቶች በቦምብ የገደሉት። ጥጋቡ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነሱም ያልቅሱ። ስለዚህ የአስናቀን ስም ሰጠ።

«እናትህ ፈቅደዋል?» አለችው ኢንጂነር ፎዚያ።

«እሷማ መርቃ ነው የላከችኝ» ብሎ ቀደደ።

ውሸቱ የአስናቀ አርባ ዕለት ወጣ። ድንኳን ውስጥ አልቃሾቹ ፈርተው «ያ ልጅ፣ ያ ልጅ» ሲሉ፣ እናቱ ደረቷን መምታት አቆመች።

«ምነው፣ ልጄ ስም የለውም እንዴ?»

«እማዬ፣ ለአውሮፕላኑ ሰጥቼዋለሁ።»

«አንተ ውርጋጥ! በምን ላልቅስለት ታዲያ?»

«ደሙን ራሱ ይመልስ ብዬ ነዋ! ኢንጂነሯ ሦስቴ ብትጠራው ንቅንቅ አላለም። የወላጅ እናቱን ድምፅ ነው አሉ የሚፈልገው።»

እናቱ ትክ ብላ አየችው።

«እኔ ከጠራሁትስ?»

«በጠራሽው ቁጥር ይወርድባቸዋል። ግን ያስሩሻል፣ እማዬ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታጠቀችና ወደ አልቃሾቹ ዞረች።

«ተቀበሉኝ!» አለች።