ሦስት ሜትር ኩሽና

«እትዬ የትነበርሽ ቤት የገባ ኤሌክትሪሺያን አይወጣም» ትላለች ጎረቤቴ አየለች፣ ባየችኝ ቁጥር።

«እነሱ ኤሌክትሪሺያን ከተባሉማ እኔ መሐንዲስ ነኝ!» አልኳት።

የኩሽናቸውን መብራት እንድቀይር የጠሩኝ እትዬ በስልክ «በሩ ክፍት ነው፤ ግቢ» ስላሉኝ ሰተት ብዬ ትልቁ ቤት ገባሁ። ኩሽናውን ለካሁት፤ ሦስት ሜትር። ቆጣሪውን አጥፍቼ ከካቢኔቱ ሥር ያሉትን አሮጌ ፍሎረሰንቶች ነቀልኩና በምትካቸው አምስት ሜትር የኤልኢዲ መብራት ጥቅል እየፈታሁ መለጠፍ ጀመርኩ።

አምስት ሜትሩ አለቀ፤ ካቢኔቱ አላለቀም። ዞር ስል የገባሁበት በር የክብሪት ቀፎ አክሎ ከሩቅ ይታየኛል። ሮጥኩ። አልቀረበም።

ስልኬ ጠራ።

«ምነው ቆየሽብኝ፣ ልጄ?»

«ኩሽናዎ ውስጥ ነኝ፣ እትዬ! በሩ ራቀብኝ!»

«የምን ኩሽና? እኔ ኩሽናው ውስጥ ቆሜ እየጠበቅኩሽ ነው! ኩሽናችን ጓሮ ነው፤ ትልቁ ቤት ውስጥማ ኖሮም አያውቅም።»